በሐዘን ድንኳን ውስጥ የተመረጠው ማሽን

ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ሚስት አይቶ መጣ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የመረጥኩት ማሽን ነው። አትሳቁ። እኔም ስጀምረው የሚያስቅ ይመስለኝና መሃሉ ላይ ስደርስ ሳቄ ይጠፋል።

ማሽኑ ደግሞ ገበያ ወጥተው አንስተው የሚመጡት ዓይነት አይደለም። በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረትን ከአምስት አቅጣጫ የሚቀርጽ ፍሬዛ ነው። የውጭ ምንዛሪ ፈቃዱን ብቻ ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቀንለታል። እንደኛ ላለ ቶርኖ ቤት በዕድሜ አንዴ ነው የሚገዛው። ከተሳሳታችሁ ከስህተታችሁ ጋር ነው የምታረጁት።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ቶርኖ ቤት አለን። “አለን” ያልኩት እኔና ጋሽ ዘርጋው ነን። ጋሽ ዘርጋው ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ፣ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ሸፍኜ ስመጣ፣ አገላብጠው አዩትና “ጥሩ ነው፣ ዝናብ አያስገባም” ብለው ሞረድ አስያዙኝ። ስድስት ወር ሙሉ ከሞረድ ሌላ አልነካሁም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ድንገት “ከዛሬ ጀምሮ ሸሪኬ ነህ” አሉኝ። እንደዚህ ናቸው፤ ጥሩ ነገር ሲያደርጉ እንኳን እየተቆጡ ነው የሚመስሉት።

ሥራችን በአብዛኛው የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሆድ ውስጥ ውሃውን እየገፋ የሚያወጣ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ባለ ክንፍ ብረት አለ፤ ኢምፔለር ይባላል። እሱ ከተበላ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ መንደር ሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ይቆማል። እኛ በእጅና በድሮ ማሽን እየታገልን እንሠራዋለን፤ አንዱ ሳምንት ይፈጃል። አዲሱ ማሽን ከመጣ ግን በቀን ውስጥ ያልቃል። ይሄ ነበር ሕልሜ።

በግቢያችን ጥግ አንድ ሌላ ብረት ነበር። ከጋሽ ዘርጋው ባለቤት ከእትዬ ወይንሸት የትውልድ መንደር የመጣ የውሃ ወፍጮ ተርባይን። ክንፎቹ የተሰባበሩ፣ ቁመቱ ወገቤ የሚደርስ፣ አራት ሰው የማያነሳው። ጋሽ ዘርጋው ለአማቶቻቸው “አዲስ እሠራላችኋለሁ” ብለው ቃል ከገቡ ዘመን የለውም። ሁለቴ አስቀልጠው በቅርጽ አስፈሰሱት፤ ሁለቴም ተሰነጠቀ። እትዬ ወይንሸት ምሳ ይዘው በመጡ ቁጥር ሳህኑን እላዩ ላይ ያስቀምጡና “ሽማግሌው፣ ይሄ እንግዳህ ዛሬም አልሄደም?” ይሏቸዋል። “ሽማግሌው” የሚሉት ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ነው አሉ። እሳቸው እንጀራቸውን ይጠቀልላሉ።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ ልመለስ። የሻጩ ወኪል ናቲ ይባላል። ፈጣን፣ ጨዋ፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ ልጅ ነው። ያመጣልን ቅጽ አሥራ አራት ጥያቄ አለው። ስንት መቁረጫ ይያዝ፣ የመብራት ኃይሉ ስንት ይሁን፣ ማቀዝቀዣው በውሃ ይሁን በአየር... አሥራ ሦስቱን እኔ ሞልቻለሁ። ስድስተኛው ግን የማሽኑን ተፈጥሮ ነው የሚጠይቀው፤ የሚያዘነብለው ጠረጴዛው ነው ወይስ አንገቱ?

ጠረጴዛው የሚያዘነብል ከሆነ፣ የምትቀርጹት ብረት ጠረጴዛው ላይ ይታሰርና እንደ ሕፃን እየተገላበጠ ፊቱን ለመቁረጫው ይሰጣል። ለትንንሽ ሥራ እንደሱ ያለ የለም፤ ጠንካራ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ከባድ ነገር ግን አይሸከምም። አንገቱ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ተርባይን የሚያህል ነገር ትጭኑበታላችሁ፣ መቁረጫው ነው ጎንበስ ቀና የሚለው። ግን ረጅም አንገት ነውና ጠንካራ ብረት ላይ ይንዘፈዘፋል፤ ትንንሹን ሥራ ያጓትተዋል።

ቅዳሜ ዕለት ከጋሽ ዘርጋው ጋር በዚህ ተነታረክን።

“ጋሼ፣ አንድ ተርባይን ለመሥራት ብለን በየቀኑ የምንበላበትን ሥራ እንጉዳ?”

“አንድ ብቻ መሆኑን በምን አወቅህ?”

“አሥር ዓመት እዚህ ስሠራ ሌላ መጥቶ አላየሁማ!”

ወደ ጥጉ አዩ። ከዚያ “ስድስተኛዋን ለኔ ተዋት። እስከ ረቡዕ አስቤበት እነግርሃለሁ” አሉ።

“ቅጹ እኮ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።”

“ረቡዕ አልኩህ እኮ። አማርኛ አይደለም?”

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። ጋሽ ዘርጋው ስልክ ላይ አይጽፉም፤ ማስታወሻ ደብተርም የላቸውም። የብየዳ ኤሌክትሮድ የመጣበትን ካርቶን ቀደድ ያደርጉና በእርሳስ ጽፈው ቡናማ ኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ይከታሉ። የቶርኖ ቤታችን ልኬት ሁሉ እዚያ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

ረቡዕ ጠዋት ለቅጹ የሚሆን ማኅተም አስቀርጬ ልወስድ ጦር ኃይሎች ሄድኩ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ባየው ጋሽ ዘርጋው ሁለቴ ደውለዋል። ደርሼ አገኛቸው የለም ወይ ብዬ ተውኩት። አየር ጤና ልደርስ ስል የጎማ ቤቱ ጎረቤታችን ደወለ።

“ብሩክ፣ የት ነህ?”

“መጣሁ፣ ታክሲ ላይ ነኝ። ምነው?”

“እትዬ ወይንሸት...”

“ምን ሆኑ?”

“ዝም ብለህ ና።”

“ዝም ብለህ ና” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልተረጉምም። ልብስ ሲያሰጡ ወድቀው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐርፈዋል። ጠዋት ደህና ነበሩ። ጋሽ ዘርጋውን ለሥራ የሸኙ፣ ኮታቸውን ያራገፉላቸው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። እኔም አባል ነኝና አግዳሚ ተሸከምኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ መኪና ያለው ሰው ፈለግሁ። ሐሙስ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ጋሽ ዘርጋው ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሥሩ ያንኑ ቡናማ ኮት እንደለበሱ። እኔ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። እንደ ልጃቸው ነኝና ቦታዬ እዚያ ነው። ቅጹ ደግሞ አራት ቦታ ታጥፎ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ በተነሳሁ በተቀመጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ስልኬ ነዘረ። ናቲ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውሃ ሮቶው አጠገብ ቆሜ አነሳሁት።

“ብሩኬ፣ ስድስት ቁጥር ባዶ ናት እኮ።”

“ለቅሶ ላይ ነኝ። የጋሽ ዘርጋው ባለቤት ዐረፉ።”

“ውይ! ነፍስ ይማር፤ በጣም አዝናለሁ። ግን ወንድሜ... ፋብሪካው ለቅሶ አያውቅም።”

“አንድ ቀን ብቻ ለምንልኝ።”

“ለመንኳቸው። ነገ አሥር ሰዓት ላይ ካልደረሳቸው ተራችንን ለሌላ ይሰጣሉ። ተራው ካለፈ ደግሞ ፈቃዱም አብሮ ይሞታል... ይቅርታ፣ ይቃጠላል ማለቴ ነው።”

“እኔ መወሰን አልችልም። ጥያቄዋ የሳቸው ናት።”

“እና ጠይቃቸዋ!”

ጠይቃቸዋ። እንዴት ቀላል ነው! ሚስቱን ዛሬ የቀበረ ሰው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብዬ “ጋሼ፣ ጠረጴዛው ነው አንገቱ?” ልበል? ሰው ምን ይለኛል? እሱን ተዉት፤ እሳቸውስ ምን ይሉኛል? “የወይንሸት ሬሳ ሳይቀዘቅዝ የማሽኑ ነገር አንገበገበው” ቢሉስ?

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ከሰዓት አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን በየደቂቃው ወደ ደረታቸው ይልካሉ። በግራ በኩል፣ ኮታቸው ላይ ጫን አድርገው ይይዙና ወደኔ ይዞራሉ። የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈት ያደርጋሉ። ልክ ያኔ አዲስ ለቀስተኛ ይገባል፣ “እግዜር ያጽናዎት” ይላል፣ ይነሳሉ፣ እጃቸው ይወርዳል።

“ልባቸውን እያመማቸው ነው” አሉ ከወዲያ በኩል የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ። ውሃ ተሰጣቸው። ቀና ብለው አዩን፣ ጠጡ። እኔም ልባቸው ነው ብዬ አመንኩ። ማን ይጠረጥራል?

አርብ ነጋ። ሌሊቱን በሙሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ “ጋሼ፣ ያቺን የረቡዕ ነገር ቢፈቅዱልኝ...” ትለምናለች፣ አትጮህም፣ ማሽን የሚል ቃልም የለባትም። ለቅሶውን አታዋርድም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ድንኳኑ ሳሳ። አሁን ነው አልኩ። ጠጋ አልኩ።

“ጋሼ...”

“አቤት ብሩኬ” አሉ ቶሎ። ሲጠብቁ የቆዩ ነበር የሚመስለው።

ዓይናቸውን አየሁት። ቀልቷል፣ አብጧል። ዐረፍተ ነገሬ ከአፌ ጠፋች።

“ውሃ ላምጣልዎት?”

“አምጣልኝ” አሉ። አመጣሁላቸው። አልጠጡትም።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። አሁን ደግሞ እሳቸው ናቸው። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። “ብሩኬ።”

“አቤት ጋሼ!”

“...በላህ?”

“በልቻለሁ።”

“ጥሩ” አሉና ወደ መሬት አዩ።

ዛሬ ይህችን ንግግር ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች! አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ በላህ ይላል፤ መሃላችን ላይ የሁለታችንም ኑሮ ተቀምጧል።

በስምንት ሰዓት ናቲ ደወለ። በስምንት ተኩል ደወለ። ከዘጠኝ በኋላ መቁጠር ተውኩ። በመጨረሻ ሰናይትን፣ የጋሽ ዘርጋውን ብቸኛ ልጅ፣ ጓዳው በር ላይ አገኘኋት። ሰናይት አብራኝ ያደገች ያህል ናት፤ እህቴ በሏት።

“ሰኒ፣ አባባን አንድ ነገር ብትጠይቂልኝ...”

“ምን ልጠይቅልህ?”

“ስለ... ማሽኑ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ‘አንገት’ ወይ ‘ጠረጴዛ’ ካሉሽ...”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትሪውን እንደያዘች ቆማ “ብሩክ፣ እማዬ ትናንት ነው እኮ የተቀበረችው” አለችኝ። በቃ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ድንኳኑ ጥግ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ “የዕድሩ ስም ዝርዝር ነው ልጄ?” አሉኝ። “አዎ አባቴ” አልኩ።

ትክክለኛውን መልስ አውቀዋለሁ። ይሄን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እንደ ባለሙያ ከሆነ ጠረጴዛው ነው፤ አያጠያይቅም። እስክሪብቶዬንም እዚያው ሳጥን ላይ አድርጌው ነበር። ቀና ስል ግን ጋሽ ዘርጋውን አየኋቸው። ሰው መሃል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። የተሰበረ ልባቸው እንዳይወድቅ ደግፈው የያዙት መሰለኝ። ያ ተርባይን ትዝ አለኝ፣ ላዩ ላይ የሚቀመጠው ሳህን፣ “እንግዳህ ዛሬም አልሄደም?” የሚለው ድምፅ። ለሚስታቸው መንደር የገቡት ቃል አሁን ለሟች የተገባ ቃል ሆኗል። ታዲያ እኔ፣ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጠው፣ ተርባይኑን መቼም የማይሸከም ማሽን በጀርባቸው ልዘዝ? እንዴት አድርጌ ነው ነገ ፊታቸውን የማየው? ደግሞስ ምን መልስ ይሰጡኝ እንደነበር በልቤ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ወደ ጥጉ ሲያዩ አይቻቸው የለ?

እስክሪብቶው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ተሻገረ። አንገት።

ማኅተሙን ጉልበቴ ላይ መታሁ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ። ኔትወርኩ ያዝ ለቀቅ እያደረገ አራት ደቂቃ ፈጀ። ለአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሄደ። ናቲ ወዲያው ጻፈ፤ “አንገት? ጠረጴዛ ስትል አልነበር እንዴ? እርግጠኛ ነህ?” “እርግጠኛ ነኝ” አልኩት።

ቅዳሜ ሳልስቱ ወጣ። ከሰዓት ሰዉ ተበተነ፤ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ማፍረስ ጀመሩ። ጋሽ ዘርጋው ጠሩኝ። አንዱን አግዳሚ “እሱን ተዉልን” ብለው አስቀርተው ተቀመጥን። ለሦስት ቀን ሲደግፉት የቆዩት የደረት ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱና አንድ ቁራጭ የኤሌክትሮድ ካርቶን አወጡ።

“ይቅርታ አድርግልኝ ብሩኬ” አሉ። “ረቡዕ ልሰጥህ ብዬ ደውዬልህ አላነሳህም። ከዚያ ይሄ መጣ። እዚህ ተቀምጬ ሰው እያለቀሰልኝ የብረት ወሬ ማውራት ነውር ሆነብኝ። አንተ ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅህ...”

ካርቶኑን ሰጡኝ። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ “ብሩክ ያለው ይሁን። ጠረጴዛ። ተርባይኑ ይቅር።”

“ማክሰኞ እራት ላይ አማከርኳት” አሉ። “ሳቀችብኝ። ‘ሽማግሌው፣ መንደሩ መብራት ከገባለት ቆየ እኮ፤ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ነው የሚፈጨው። እንዴት ልንገረው ብዬ አፍሬ ነው’ አለችኝ። ‘በል የልጁን እንጀራ አትዝጋ’ አለችኝ።”

ካርቶኗን ደግሜ አንብቤ መለስኩላቸው። ኪሳቸው መልሰው ከተቷት።

“ትናንት ላክኸው አይደል?”

“ልኬዋለሁ ጋሼ።”

“ጠረጴዛ ብለህ ነው አይደል? አንተ እኮ አትሳሳትም።”

አሁን ምን አልኩ መሰላችሁ? እውነቱን የተናገርኩ መሰላችሁ? ሚስታቸው ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ፊታቸው ላይ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዕረፍት አየሁ። “አዎ ጋሼ” አልኩ።

ወጥቼ ለናቲ ደወልኩ። ማረጋገጫው ሌሊት መጥቷል፤ መቀየር የለም። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ መልሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። “ወንድሜ፣ እኔ እኮ ‘እርግጠኛ ነህ?’ ብዬሃለሁ” አለኝ። ምን ይበለኝ?

ማሽኑ ሰባት ወር ፈጀ። እነዚያ ሰባት ወራት የዕድሜዬ ክፉ ወራት ናቸው። ለምን በሉኝ። ጋሽ ዘርጋው ሐዘናቸውን የሚረሱበት ሥራ አገኙ። ለሚመጣው ማሽን፣ ለሚያዘነብለው ጠረጴዛ፣ ኢምፔለሮቹ የሚታሰሩባቸውን ማሰሪያዎች በእጃቸው ይሠሩ ጀመር። አንድ በአንድ፣ በሞረድ፣ በካሊብሮ እየለኩ፣ እያለሰለሱ። “ይቺኛዋ ሲገላበጥ አትለቅም” ይሉኛል፤ እያገላበጡ ያሳዩኛል። አሥራ ሁለት ሠሩ። እኔ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባለሁ፤ አርባዋ ይለፍ፣ ጾሙ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ እያልኩ ማታ እወጣለሁ። አንድ ቀን እንደውም “ጋሼ፣ ማሽኑ...” ብዬ ጀምሬ ነበር። “ምነው? ቀረ እንዴ?” ብለው እንዴት ደነገጡ! “አይ፣ እየመጣ ነው” አልኩ።

መጣ። ክሬኑ አወረደው፣ ሳጥኑ ተፈታ፣ ላስቲኩ ተገፈፈ። ጋሽ ዘርጋው አንዷን ማሰሪያ በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ልትሞከር። ማሽኑን አንዴ ዞሩት። ጸጥ ብሎ የተኛውን ሰፊ ጠረጴዛ በመዳፋቸው ዳበሱት። ቀና ብለው አንገቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጹን፣ አግዳሚው ላይ ‘የዕድሩ ዝርዝር ነው?’ ያሉኝን ሽማግሌ፣ ሰናይትን፣ ሳጥኑን፣ የሳልስቱን ውሸት። ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር፤ አላፍርበትም።

“ልቤ የታመመ መስሎህ ነው?” አሉ።

“አዎ።”

“ለሷ ብለህ ነው?”

“ለእርስዎ ብዬ ነው ጋሼ።”

ማሰሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ደስ ይለኝ ነበር፣ እንደ ድሮው ሞረድ ቢያስይዙኝ። “ሁለታችን አንድ አፍ አጣን ማለት ነው” አሉ ብቻ። ከዚያ “በል ያንን እንግዳ አምጣው” አሉ።

ተርባይኑን ሠራነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሥራ አልሠራሁም፤ ክንፎቹ ላይ ጣታችሁን ብታስኬዱ የት እንደጀመረ አታውቁም። ጋሽ ዘርጋው በማሽኑ መስኮት ሲቆረጥ እያዩ ዘጠኙንም ቀን አጠገቡ ቆሙ። ሲያልቅ የሚወስደው ሰው የለም። አዲሱም አሮጌው የነበረበት ጥግ ተቀመጠ። ደንበኞች እየነኩ “የምን ነው? ይሸጣል?” ይላሉ። አይሸጥም።

ማሽኑ? ይሠራል። ትንንሾቹን ኢምፔለሮች እየተንዘፈዘፈ፣ እየጮኸ፣ በቀን የሚያልቀውን በሦስት ቀን ይሠራቸዋል። ፓምፑ የተበላሸበት፣ ጀሪካን የያዘ መንደር ሁለት ቀን ተጨማሪ የሚጠብቀው በኔ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለቱ ማሰሪያዎች ግድግዳው ላይ በመደዳ ተሰቅለዋል። በየቀኑ አያቸዋለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይሉኝታ መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም። አሳድጎኛል፤ ሰው አድርጎኛል። ግን ለሰው አዝኜ ዝም ያልኩ ሲመስለኝ፣ ለካ ራሴን ነበር ከሐፍረት ያዳንኩት። ያዘነ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል የሚሰበር ይመስለናል። ጋሽ ዘርጋው ግን ጥያቄዬን ሦስት ቀን ሙሉ እየጠበቁ ነበር፤ ምናልባትም በዚያ ድንኳን ውስጥ እንደ ድሮው ሰው የምታደርጋቸው ያቺ ጥያቄ ብቻ ነበረች። እኔ ውሃ አመጣሁላቸው። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስገባ ከሐዘንተኛው አጠገብ እቀመጥና “ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?” እላለሁ። አንዳንዱ ገርሞት ያየኛል። አንዳንዱ ደግሞ ይናገራል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጁ ትምህርት።

ተርባይኑ ያለቀ ቀን ጋሽ ዘርጋው ካርቶኗን ከኪሳቸው አውጥተው “ያንተ ናት፤ ላንተ ነው የተጻፈችው” ብለው ሰጡኝ። ሳልስቱ ዕለት ፊቷን ብቻ ነበር ያነበብኩት። አሁን ገለበጥኳት። ከኋላዋ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእትዬ ወይንሸት የተንጋደደ ፊደል፣ አንድ መስመር አለ፤

“ሽማግሌው፣ ይቺንም እንደ ሌላው ኪስህ ውስጥ እንዳታስቀራት። ጠዋቱን ለልጁ ስጠው።”